የሰላጣው ውሃ ከየት ይመጣል

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት የበልጉ ዝናብ ዲላ የገባው ቀደም ብሎ ነበር። መጋቢት ገና ሳይጋመስ የመንገዱ አቧራ ጭቃ ሆነ፤ በየጓሮው ያለው የእንሰት ቅጠልም ታጥቦ አበራ። በዚያ ሰሞን የግቢዬ በር ማጠፊያው ተነቅሎብኝ ነበርና ሚስማር ልገዛ ወጣሁ። መንገዱን ሳልሻገር ዝናቡ ወረደብኝ፤ ከሐጂ ሙሐሲን ሱቅ በረንዳ ሥርም ተጠለልሁ። የምገዛውም ከዚያው ስለ ነበር አልከፋኝም።

ሐጂ ሙሐሲን የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው በቡና ንግድ ቤት ንብረት አፈሩ፤ በዚያን ጊዜም ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ያለውን ሰፊ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስለስነው ቡና ያሰጡበት ነበር። በከተማው ውስጥ በየግቢው ቡና ማስጣት ከቀረ በኋላ ወደ ቧንቧ፣ ወደ ሚስማርና ወደ ቀለም ንግድ ዞሩ፤ ሲሚንቶው ግን እንደ ነበረ ቀረ። የእኔና የእርሳቸው ጉርብትና ከሽበታችን ይቀድማል፤ ስለዚህም አንቱ መባባል ትተናል፤ እኔንም ወልዱ ብቻ ይሉኛል።

ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ አንዲት ወጣት እየሮጠች መጥታ በረንዳው ላይ ወጣች። ጃኬቷን አውልቃ አንድ ፌስታል ሸፍናበታለች፤ እርሷ ግን እስከ ጫማዋ በስብሳለች። ይህች ወጣት ኤልቤቴል ናት። ከሆሳዕና የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ ከሐጂ ግቢ በስተኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የምትማረውም ስለ ዕፅዋት ነው።

ሐጂ ፌስታሉን ገልጠው አዩና ሳቁ።

«ልብሱን ለሰላጣ ችግኝ አልብሰሽ አንቺ ትበሰብሻለሽ? ወልዱ፣ ና እይልኝ! መንግሥት እየከፈለ ያስተምራታል፣ እርሷ ጎመን ትተክላለች።»

«ሰላጣ ነው ሐጂ» አለች ፀጉሯን እየጨመቀች። «በሶብላና ድንብላልም አለበት። ቦታ ቢሰጡኝ ደግሞ ጎመኑም አይቀርም ነበር።»

«ቦታማ ሰጥቼሻለሁ። ያ የተቀደደ ሳፋ የማን ነው?»

«ሳፋ እኮ ቦታ አይደለም። ያ ሁሉ ግቢ ባዶውን ተኝቶ!»

«ተይ እንጂ ልጄ! እርሱ ሲሚንቶ ነው። በእርሱ ላይ ቡና አስጥቼ ነው ልጆች ያሳደግሁት።»

«አሁንስ ምን ይሰጣበታል?»

ሐጂ ጥቂት አሰቡና፣ «ፀሐይ» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውም ጠቆረ። «ወልዱ፣ ሐያት እኮ ደግሞ ተኛች» አሉኝ። ሐያት የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ በግንቦት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ታይፎይድ እየተመላለሰ ጣላት። መድኃኒት ትወስዳለች፣ ትነሣለች፣ ጥቂት ሳምንት ትማራለች፣ ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል።

«እንግዲህ ቆርጫለሁ» አሉ ሐጂ። «ቅዳሜ ወደ ወራቤ፣ እኅቴ ዘንድ እልካታለሁ። ይህ አየር አልተስማማትም። ንባቡም በዝቶባታል።»

ኤልቤቴል ደነገጠች። «ሐጂ! ፈተናውስ?»

«ፈተና ከርሞም አለ። ልጅ ግን ከርሞ አትገኝም።»

«እርሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። እኔ ደስ ብሎኝ ነው እንዴ?»

 የአባት ፍርሃት ሲናገር የሚሰማ ሰው አንገቱን ይደፋል። ወጣቷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ በትሕትና ቀጠለች።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ታይፎይድ በአየር አይመጣም፤ በንባብም አይመጣም። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ወይም ወደ ምግብ ሲገባ፣ ያን የበላ ሰው ይታመማል። ሐያት የምትበላውን ማየት ይሻላል።»

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ። «ዓይነ ምድር? በእኔ ቤት? ስሚ ልጄ፣ በዚህ ሰፈር እንደ እኔ ቤት የጸዳ ካለ አሳዪኝ። ግቢዬ ሲሚንቶ ነው፤ ጭቃ አይገባበትም። ሽንት ቤቴንም ቶሌራ የሚባል ግንበኛ ነው የሠራልኝ፤ የጎረቤቱ ሁሉ ጉድጓድ ሞልቶ መጣጭ መኪና ሲጠራ የእኔ ሞልቶ አያውቅም። ወልዱ ምስክሬ ነው።»

«እውነት ነው» አልሁ። በእውነትም መኪናው በእርሳቸው በር ቆሞ አይቼ አላውቅም ነበር። እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ግን አንድ ቀንም አልጠየቅሁም።

በዚህ መካከል ከሱቁ በስተጀርባ ያለው በር ተከፈተና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀዲጃ ሰላጣ የሞላ ሰፌድ ይዘው ወጡ። ቅጠሉ የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ያህል ሰፍቷል፤ ቀለሙም ጥልቅ አረንጓዴ ነው።

«ምን ትጮሃለህ? ልጅቷ እንቅልፍ ይዟት ነበር» አሉ ለባላቸው። ወዲያውም ሰላጣውን ለኤልቤቴል አሳዩአት። «እይልኝ፣ ሙሉካ አሁን በር ላይ አድርሳልኝ ሄደች። ሐኪሙ አትክልት አብሏት ስላለኝ በየቀኑ ምሳዋ ላይ ሎሚ ጨምቄበት እሰጣታለሁ። ሌላ ምግብ አልገባላት ሲል ይህንን ትበላልኛለች።»

«ጥሬውን ነው እትዬ?»

«ታዲያ ሰላጣ ይቀቀላል?»

«እንዴት ነው የሚያጥቡት?»

«አንድ ጊዜ ለቅለቅ አደርገዋለሁ። ብዙ ካጠቡት ጉልበቱ ይሄዳል።»

ኤልቤቴል ከሰፌዱ አንድ ቅጠል አንሥታ ገለበጠች። ቀስ ብላም፣ «ይህ ሰላጣ የበቀለው የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

መልሱን የሰጡት ሐጂ ናቸው። «ከታች ከወንዙ ዳር ነው። ሙሉካ የምትባል የሀገሩ ሴት ናት፣ ጎበዝ ናት። ከገበያው ሁሉ መርጠን የእርሷን የምንገዛው ለምን ይመስልሻል? የእርሷን ያህል የሚወፍር የለማ!»

«ለምን ይወፍራል?»

«አፈሩ ነዋ!»

«አይተውት ያውቃሉ?»

«ምን ላይ ነው ያለሽው? የሚሸጠውን እገዛለሁ እንጂ ማሳ ለማሳ እዞራለሁ? ጎመን መትከል የድሃ ሥራ ነው፤ የነጋዴ ሥራ መግዛት ነው።»

«እንግዲያው እንሂድና እንየው» አለች። «ቦታው ንጹሕ ከሆነ ሐያት ቅዳሜ ትሂድ፤ እኔም ሁለተኛ አልናገርም። ንጹሕ ካልሆነ ግን ሐያት ከዚህ አትሄድም። እርስዎም ከዚያ ሲሚንቶ ላይ ለመደብ የሚሆን ቦታ ይሰብሩልኛል።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። «ወልዱ፣ ሰምተሃል? ጥላህን ያዝ። ሲሚንቶዬን ከነቡና ሽታው አስከብሬ እመለሳለሁ።»

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሦስታችን በሰፈሩ ቁልቁለት ወረድን። መንገዱ በቡና ዛፎችና በእንሰት መካከል የሚያልፍ ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ሐጂ በትራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ከፊት ይራመዱ ነበር፤ ልባቸው ሙሉ ስለ ነበር ጭቃው አልታያቸውም።

ከወንዙ ዳር ስንደርስ ሐጂ የተመኩበት እርሻ በእውነት የሚያምር ሆኖ አገኘነው። ሰላጣው፣ ቆስጣውና ድንብላሉ በተስተካከሉ መደቦች ላይ ተሰልፏል፤ ሙሉካም በባዶ እግሯ ቆማ በመኮትኮቻ ቦይ ትከፍታለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ሐጂን ስታይ ቀና ብላ ሳቀች፤ አማርኛዋ «አንቱ» አያውቅም።

«ሐጂ! ዛሬ ሰላጣ እራስህ ልትወስድ መጣህ? ሀዲጃ ወሰደች እኮ!»

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት» አሉ ሐጂ። ወደ ኤልቤቴልም ዞረው፣ «አየሽ?» አሏት።

ኤልቤቴል ግን የምታየው ሰላጣውን አልነበረም። ከቁልቁለቱ በላይ ተነሥቶ ወደ መደቦቹ መካከል የሚገባውን ቦይ ተከትላ ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች። በቦዩ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው። ነፋሱም በዚያች ሰዓት ወደ እኛ ዞረ፤ ሐጂ የጋቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ሙሉካ፣ ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ስትል ኤልቤቴል ጠየቀች።

«ከላይ ነዋ። ዝናብ ሲመጣ እሱም ይመጣል። የወንዙ ውሃ ቀጭን ነው፣ ሰላጣ አያወፍርም። ይሄ ጥቁሩ ግን ጥሩ ነው፣ ማዳበሪያ አልገዛም። ሽታው ትንሽ ነው፣ ይለመዳል።»

ሙሉካ ይህን ያለችው ያለ አንዳች ኀፍረት፣ እንዲያውም በእርካታ ነው። የምትደብቀው ነገር አልነበራትም፤ የራሷም ልጆች ከዚያው ይበላሉ። የሐጂ ፊት ግን ተለወጠ። ከቦዩ ጎን የቆሙበትን እግራቸውን በድንገት አነሡ፤ የሚያስቀምጡበትንም አጡ።

«ይህ… ይህ የሽንት ቤት ውሃ ነው!» አሉ። «ወልዱ፣ ይህ የሰው ነው! ልጄ ይህን ነው የበላችው? ሎሚ እየተጨመቀበት?»



ድንጋጤያቸው ወዲያው ቁጣ ሆነ። «ማነው? ይህን የለቀቀ ሰው ማነው? አላህን የማይፈራ! የሰው ልጅ በቆሻሻው የሚመርዝ! ቤቱን አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ቀበሌ ባላስጠራው እኔ ሙሐሲን አይደለሁም!»

«ቦዩን ተከትለን ከወጣን እናገኘዋለን» አለች ኤልቤቴል።

ወጣን። ሐጂ ያን ቁልቁለት ሲወርዱ እንዳልተቻኮሉት ሲወጡ ተቻኮሉ። በየመንገዱ ስም እየጠሩ ይገምታሉ፤ እገሌ ኪራይ ቤት አብዝቷል፣ እገሌ ሆቴል ከፍቷል ይላሉ። ቦዩ ግን ኪራይ ቤቶቹንም ሆቴሉንም በግራ ትቶ በቡናው መካከል እየተጠማዘዘ ወጣና ከአንድ ረጅም የብሎኬት አጥር ሥር ደረሰ። ከጀርባ የታየ ቤት ለባለቤቱም እንግዳ ነው፤ ሐጂ አጥሩን አላወቁትም። ከአጥሩ ሥር አረንጓዴ ፕላስቲክ ቧንቧ ብቅ ብሏል። አፉ ከአረም ተሸፍኗል።

«ይኸው!» አሉ ሐጂ፣ በበትራቸው አረሙን እየገለጡ። «ይኸው ሌባው! ከእኔው ሱቅ ገዝቶ…»

ይህን ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ተሰማ። ደካማ የሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ የታሪክ ትምህርት እየደጋገመ ያነባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፣ ያቋርጣል፣ ያስላል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ሐጂ በትራቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ።

ድምፁ የሐያት ነበር። አጥሩም የራሳቸው አጥር ነበር። ገና ይህን ሳንነጋገር ከውስጥ ውሃ ሲደፋ ሰማን፤ ቧንቧው አንድ ጊዜ አጉረመረመና የያዘውን ከእግራችን ሥር ለቀቀው። ጥቁሩ ውሃ የሐጂን ጫማ አጥቦ፣ ቦዩን ይዞ፣ ወደ ሙሉካ ሰላጣ ቁልቁል ወረደ።

በዕድሜዬ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው በሰው ላይ ያደረገውንም አይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ሲራገምለት የቆየውን ጥፋተኛ ሲያገኝና ያ ጥፋተኛ ራሱ ሆኖ ሲገኝ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ሐጂ አልጮኹም። 

«ቶሌራ…» አሉ። «ቶሌራ ጉድጓዱ እንዳይሞላ ከጎኑ ማስተንፈሻ ልተውልህ አለኝ። ወዴት ይተነፍሳል ብዬ አልጠየቅሁትም። ወደ ውጭ ነው አለኝ። ወደ ውጭ! ውጭ እኮ ማንም የሌለበት መስሎኝ ነበር።»

ኤልቤቴል እጃቸውን ያዘች። «ሐጂ፣ ይቀመጡ።»

«ምኑ ላይ ልቀመጥ?» አሉና ዙሪያውን አዩ። «ቆይ፣ እስቲ አስረጂኝ። የታመመችው ልጄ ናት። እርሷ በምትገባበት ሽንት ቤት…»

«አዎ» አለች። «በሽታው ከእርሷ በቧንቧው ይወርዳል፤ በሰላጣው ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ከማን እንደ ያዛት አላውቅም፤ በእርግጠኝነት የሚናገረውም ምርመራ ነው። ግን ደጋግሞ የጣላት በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። እኔም እትዬ ሀዲጃ ባካፈሉኝ ቁጥር በልቼአለሁ።»

«ወራቤ ሄዳ ብትድን ኖሮ…»

«ትድናለች፤ አየሩ አዳናት ይሉ ነበር። ስትመለስ ደግሞ ሰላጣው ይጠብቃታል።»

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አፍሬ ትከሻቸውን ያዝሁ። ለምስክርነት ጠርተውኝ «እውነት ነው» ያልሁት እኔ ነኝና።

ሐጂ ሙሐሲን ከዚያ ቦታ ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ ተመልሰው ወረዱ። እኛም ተከተልናቸው። ሙሉካ አሁንም ቦይ ትከፍት ነበር።

«ሙሉካ፣ ሰውየውን አገኘሁት» አሏት።

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ውሃው የእኔ ነው። ከእኔ ሽንት ቤት ነው የሚመጣው። ልጄ ታማለች፤ ይህ ሰላጣ በሽታ አለበት። ልጆችሽን አታብዪ፤ ለሰውም አትሽጪ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሙሉካ መኮትኮቻዋን ለቀቀች። እጇን አየች፣ እግሯን አየች፣ ከዚያ ሐጂን አየች።

«እኔ እኮ ይህን ውሃ የሚያወርደውን ሰው ስመርቅ ነበር» አለች። «በየዝናቡ ነው የምመርቀው። ሐጂ፣ ምነው ከላይ ሆነህ አንድ ቀን ወደ ታች አታይም?»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ኤልቤቴልም ከሙሉካ ጎን ቁጢጥ ብላ ቦዩን በመኮትኮቻው ዘጋችው።

በማግሥቱ ጠዋት በመዶሻ ድምፅ ተነሣሁ። ወደ ሐጂ ግቢ ብገባ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሲሚንቶውን ሲሰብሩ አገኘሁ፤ ሐጂም ራሳቸው ድንጋዩን ይለቅማሉ። ወይዘሮ ሀዲጃ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ልብስ የት ላሰጣ ነው?» ይላሉ። ሐጂም ቀና ሳይሉ፣ «ገመድ እሸጥልሻለሁ» አሏቸው። ከዚያ አስጨናቂ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ይህ ነበር።

ወደ ወራቤ የሚደረገው ጉዞ ቀረ። ሐያት በሐኪም ዘንድ እንደ ገና ታየች፤ ቤተ ሰቡም ኤልቤቴልም ጭምር ተመረመሩ፤ ሐያትም የታዘዘላትን መድኃኒት ሳታቋርጥ ጨረሰች። ቧንቧው በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ጉድጓዱም በመጣጭ መኪና ተመጥጦ፣ ሁለተኛ ጉድጓድ ከጎኑ ተቆፈረ። ያ መኪና በሐጂ ሙሐሲን በር ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ፤ ሐጂም አላፈሩበትም። ለሙሉካ ደግሞ ከጣሪያቸው አሸንዳ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅመው፣ በአዲስ ቧንቧ እስከ ማሳዋ አወረዱላት። እርሷም የቆመውን ሰብል ነቅላ ቀበረች፤ ኤልቤቴል እንደ መከረቻትም በዚያ አፈር ላይ ለጊዜው በጥሬው የሚበላ ነገር አልተከለችም፤ በቆሎ ዘራች። ሐጂን ይቅር ለማለት ግን ጊዜ ወሰደባት፤ ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታቸውን የምትመልሰው ቀና ሳትል ነበር።

በተሰበረው ሲሚንቶ ሥር የተገኘው አፈር ደረቅና ደካማ ነበር። ሐጂ፣ «ይህ ምን ያበቅላል?» ብለው ተጨነቁ። ኤልቤቴል ከቡና ማጠቢያ የሚጣለውን የቡና ልጣጭ አስመጥታ፣ ትኩሱ ችግኝ ያቃጥላልና ከደረቅ ቅጠልና ከፍየል በጠጥ ጋር ከምራ በሚገባ አበሰበሰችው። አፈሩ እስኪዘጋጅ ድረስም ወይዘሮ ሀዲጃ ከገበያ የሚገዙትን ሰላጣ የሚያቀርቡት ቅጠል ቅጠሉን ለያይተው፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አጥበው ነበር። ጉልበቱ ይሄዳል የሚለውን ነገር ሁለተኛ አላነሡትም። ሐያት ትኩሳቱ ሳይመለስባት በግንቦት ፈተናዋን ተቀመጠች። ዛሬ በዚያ ግቢ ሰላጣው፣ ቆስጣውና ቃሪያው ለእጅ ቅርብ ነው፤ በሶብላው፣ ኮሰረቱና የጥብስ ቅጠሉም ከወጥ ቤቱ በር ጎን ናቸው። የምታጠጣውን ውሃ አንተው ራስህ የቀዳኸው ከሆነ፣ የምትበላውን ታውቀዋለህ። የጓሮ አትክልት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ደጅ ማሳመሩና ከገበያ ማሳረፉ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የራስህን መደብ አጥርተህ የጎረቤትህን ከረሳህ ምንም አልሠራህም። ከአጥርህ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ሰው አለበት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዳግመኛ ሚስማር ልገዛ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ አረንጓዴውን ቧንቧ መርጦ ትከሻው ላይ አድርጓል። ሐጂ የቧንቧውን ጫፍ ይዘው አልለቅም አሉት።

«ወዴት ነው የሚፈሰው?» ይሉታል።

«ወደ ውጭ ነዋ ሐጂ! ምን አደከመዎት? ይሽጡልኝ እንጂ!»

«ውጭ ማን አለ?»

 ሐጂ ሙሐሲንም ቧንቧውን ከትከሻው አወረዱና ወደ ቦታው መልሰው አቆሙት።

«ሂድና አይተህ ና» አሉት።